ያደጉ የቲሞችና የክረምት የተግባር ልምምድ



በሸሪዓችን የቲምነት ለአቅመ አዳም ወይም ለአቅመ ሔዋን ሲደረስ ያበቃል፤ ችግሩ ግን አብሮ አያበቃም። ይህም የአካባቢ ጥበቃን በሚያጠኑ ልጆቻችን ላይ በክረምት ጎልቶ ይታያል፤ ሙያው መስክ ወጥቶ መሥራትን ይጠይቃልና። መስኩ ሩቅ አይደለም። ከዝዋይ ሐይቅ ተነሥቶ አቢጃታን የሚመግበው የቡልቡላ ወንዝ ለመስኖ በመጠለፉ፣ ከራሱ ከሐይቁም ለሶዳ አሽ ምርት ውኃ በመወሰዱ፣ የአቢጃታ ዳርቻ ከዓመት ወደ ዓመት ሸሽቷል። ይህንን በእግር ተጉዞ ያልለካ ተማሪ ከመጽሐፍ ብቻ አይረዳውም።

ልምምዱ አብዛኛውን ጊዜ ክፍያ የለውም። አባት ያለው ተማሪ የባቱን የቤት ኪራይ ከቤቱ ያገኛል፤ የሌለው ክረምቱን በቀን ሥራ ያሳልፋል። እኛም ብንሆን ከደብተርና ከዩኒፎርም አልፈን አላሰብንም ነበር።

ዘካ ይሰጠዋልን? ለምትሉን፣ ድሃ ከሆነ የሚሰጠው በየቲምነቱ ሳይሆን በሚስኪንነቱ ነው። ስትለግሱ «ለክረምት ልምምድ» ብላችሁ አስመዝግቡልን።