“ሁለት ብቻ ናችሁ?”... ልጅ የሌላቸው ባለትዳሮች ሰፈር ሲመርጡ

የዛሬው ጨዋታችን ስለ ቤት ኪራይ ውድነት ነው ብላችሁ አትስጉ። እሱን ኪሳችሁ ከኛ በላይ ያውቀዋል። ለዛሬ የምናነሳው ከቤቱ ይልቅ ስለ ሰፈሩ ነው። በተለይም ተጋብታችሁ “ለጊዜው ይቆየን” ብላችሁ፣ ወይም ጭራሹን “አንፈልግም” ብላችሁ፣ ወይም ፈልጋችሁ አልሆን ብሏችሁ ሁለት ብቻ ሆናችሁ የምትኖሩትን ይመለከታል።

ነገሩ ወዲህ ነው። ሠርግ ላይ ሽማግሌዎች “እንደ አብርሃምና እንደ ሣራ ያድርጋችሁ” ብለው ይመርቃሉ። አሜን ነው! ሣራ ይስሐቅን የወለደችው በዘጠና ዓመቷ መሆኑን ግን የሚያስታውስ የለም። ሁለተኛው የጋብቻ ዓመት ሳያልቅ “ምነው ዝም አላችሁ?” ይጀመራል። ከዘመድ የሚመጣውን በበዓል በበዓል ነው የምትሰሙት። ከጎረቤት የሚመጣውን ግን ጠዋት ስትወጡና ማታ ስትገቡ ነው። ታዲያ ሰፈር መምረጥ ለእናንተ ቀልድ አይደለም ማለት ነው።

ደላላው ይወዳችኋል!

ቤት ፍለጋ ስትወጡ መጀመሪያ የሚገጥማችሁ ነገር ደስ የሚያሰኝ ነው። ደላላው ስልኩን ጆሮው ላይ ለጥፎ ለአከራይዋ “ሁለት ብቻ ናቸው፣ ልጅ የላቸውም፣ ሁለቱም ሠራተኞች ናቸው” ሲል ድምፁ ራሱ ይለወጣል። ልጅ የለም ማለት ግድግዳ አይጻፍበትም፣ ውሃ አያልቅም፣ ጩኸት የለም። ሦስት ልጆች ይዞ ቤት የሚፈልግ ምስኪን አባት ከየበሩ ሲመለስ፣ እናንተ ተመርጣችሁ ትገባላችሁ።

ጣጣው የሚመጣው ከገባችሁ በኋላ ነው። ለአከራይ ምርጥ የሆነው ተከራይ ለጎረቤት እንቆቅልሽ ይሆናል። ለምን ቢባል በኛ ሀገር ሰውን ከሰፈር ጋር የሚያስተዋውቀው ልጅ ነዋ! እስቲ ልብ በሉ። ቡና ሲፈላ “እማዬ ቡና ጠጡ ብላለች” እያለ ቤት ለቤት የሚሮጠው ማነው? ልጅ። ጨው ሲያልቅ ጎረቤት የሚላከው ማነው? ልጅ። ሁለት እናቶችን የሚያስተዋውቀው፣ ሲያሰኘውም የሚያጣላው ማነው? ልጅ። ሴትየዋ እንኳ የገዛ ስሟ ቀርቶ “የማሙሽ እናት” ትባላለች። ልጅ የሌላትስ? ከአምስት ዓመት በኋላም “ሙሽራዋ” ናት፤ አለዚያም “ያቺ የአራተኛ ፎቋ”።

ልጅ የሌለው ቤት እንግዲህ መልእክተኛ የሌለው ቤት ነው። መልእክቱን ማድረስ ያለባችሁ ራሳችሁ ናችሁ። ይህን ሳታውቁ የገባችሁበት ሰፈር፣ ወይ በጥያቄ ያስመርራችኋል፣ ወይ በዝምታ ይቀጣችኋል። ሁለቱንም የቀመሰች አንዲት ባለትዳር ያጫወተችኝን ልንገራችሁ።

ከጠያቂው ሰፈር ወደ ዝምተኛው

እሷ 31፣ ባሏ 35 ዓመታቸው ነው። ሁለቱም የግል መሥሪያ ቤት ሠራተኞች ናቸው። ከተጋቡ አምስት ዓመት ሆኗቸዋል። ልጅ ለጊዜው አንወልድም ብለው የተስማሙት ገና ሳይጋቡ ነው። ምክንያቱን እነሱ ያውቁታል፤ እኔም አልጠየቅኩም።

መጀመሪያ የተከራዩት ቀበና አካባቢ፣ አከራይዋ ራሳቸው በሚኖሩበት ግቢ ውስጥ አንዲት ሰርቪስ ቤት ነበር። ሴትየዋ ደግ እናት ናቸው። ተከራይዋ ሥራ አምሽታ ስትገባ በሳህን የተከደነ ወጥ በሯ ላይ ታገኛለች። ልብስ አስጥታ ሄዳ ዝናብ ቢመጣ የሚያነሳላት አታጣም። ግን...

“ግን በሳምንት ሁለት ጊዜ ‘ምነው ልጄ፣ አሁንም የለም?’ ይሉኛል። መጀመሪያ መጀመሪያ እስቅ ነበር። በኋላ ‘እግዜር ያውቃል፣ እማማ’ ማለት ጀመርኩ። አንድ እሑድ ጠዋት በጀሪካን ጸበል ይዘውልኝ መጡ። ሌሊት ተነስተው፣ ወረፋ ጠብቀው ነው ያመጡልኝ። አመስግኜ ተቀበልኳቸው። በሬን ዘግቼ ግን አለቀስኩ። ቢሰድቡኝ ይሻለኝ ነበር። በፍቅር የመጣ ነገር በምን ይመለሳል?”

ባልየውም አልቀረለትም። ሰፈር ካለችው ሻይ ቤት ሲቀመጥ “ምን ትጠብቃለህ? ልጅ እኮ በዕድሉ ያድጋል” ይሉታል። ቀልዱ እየከረረ ሄዶ “ችግሩ ያንተ ነው የሷ?” እስከ ማለት ተደረሰ። ሻይ ቤቱን ተወው።

ከሁለት ዓመት በኋላ ጓዛቸውን ጠቅልለው ከከተማው ዳር አንድ ኮንዶሚኒየም፣ አራተኛ ፎቅ ላይ ገቡ። “ነፃ ወጣን ብለን ጨፈርን” ትላለች። እውነትም ነፃ ወጡ። ማንም አይጠይቅም። ደረጃ ላይ የሚያገኙት ሰው አንገቱን ነቅነቅ አድርጎ ያልፋል። በዓል ሲመጣ በራቸውን ዘግተው ዶሯቸውን ለሁለት ይበላሉ። እንዲህ እያሉ አንድ ዓመት ተኩል ኖሩ።

አንድ ሌሊት፣ ከሌሊቱ 8 ሰዓት ላይ፣ ባልየው “ጎኔን!” ብሎ ተነሳ። የኩላሊት ጠጠር ኖሯል። መቆም አልቻለም። ሚስት ነጠላዋን ደርባ ወጣችና የጎረቤት በር አንኳኳች። ዝም። ሁለተኛውን አንኳኳች። “ማነው?” አለ አንድ ድምፅ። ስሟን ተናገረች። “ማን?” አለ ድምፁ እንደገና። ስሟን የሚያውቅ የለም። በሩም አልተከፈተም። በመጨረሻ የግቢው ዘበኛ ወጥቶ ባሏን እየደገፈ አራት ፎቅ አወረደላት፤ መኪናም ፈለገላት።

“ነጋ። ለማን ልደውል? እናቴ ክፍለ ሀገር ናት። እጄ የደወለው ለእማማ ነው። ሁለት ታክሲ ይዘው 3 ሰዓት ሳይሞላ ደረሱ። አጥሚት በፔርሙስ ይዘዋል። ባሌ አልጋ ጫፍ ላይ ቁጭ አሉና ምን ቢሉ ጥሩ ነው? ‘አየሽ ልጄ፣ አንድ ልጅ ቢኖራችሁ እኮ...’” ሳቋ ወሬዋን አቋረጠው። “እኛም ያን ቀን ሳቅን። ባሌማ ጎኑን ይዞ ነው የሳቀው። ያ ጥያቄ ለመጀመሪያ ጊዜ አላመመኝም።”

በር ያልከፈቱላትን ጎረቤቶቿን አልተቀየመቻቸውም ወይ? ብዬ ጠየቅኳት። “ለምን እቀየማለሁ? እኔስ የማንን በር አንኳኩቼ አውቃለሁ? እንዳይጠይቁኝ ብዬ የሸሸሁት እኔ ነኝ። ሲቸግረኝም ሳይጠይቁኝ ቀሩ” አለችኝ። እኔ በበኩሌ የዚህን ጽሑፍ ፍሬ ነገር ከእሷ አፍ ነው ያገኘሁት። ጨርሶ የማይጠይቅ ሰፈር ስትፈልጉ፣ ብትታመሙም የማይጠይቅ ሰፈር ታገኛላችሁ።

ታዲያ የትኛው ይሻላል?

በከተማችን ያለው ምርጫ በጥቅሉ ሦስት ዓይነት ነው።

አንደኛው ነባር ሰፈር፣ ግቢ ውስጥ ነው። መረዳዳቱ አለ፣ ዓይኑም አለ። የግቢው በር በስንት ሰዓት እንደሚዘጋ፣ እንግዳ ሲያድር ምን እንደሚባል አስቀድማችሁ ካልጠየቃችሁ ትጣላላችሁ። ደግሞም ነባር ሰፈር ሁሉ እንደነበረ አይደለም። በ2016 ዓ.ም. ፒያሳ፣ በ2017 ዓ.ም. ደግሞ ካሳንቺስ ለኮሪደርና ለመልሶ ማልማት ሲፈርሱ፣ ስንት ዘመን አብረው ቡና የጠጡ ሰዎች ወደየአቅጣጫው ተበትነዋል። ሰፈር ስትመርጡ ቤቱ በልማት የሚነሳ መሆን አለመሆኑን ወረዳ ሄዶ መጠየቅ አይከፋም።

ሁለተኛው ኮንዶሚኒየም ነው። እዚህ ሁሉም በዕጣ ወይ በኪራይ የመጣ ስለሆነ ማንም ባለሰፈር፣ ማንም መጤ አይደለም። ይህ ለእናንተ ጥሩ ነው። ነገር ግን ኮንዶሚኒየምና ኮንዶሚኒየም ይለያያል። ሰዎች ብዙ ዓመት የኖሩበት ሳይት ዕድሩ ቆሟል፣ ኮሚናሉ ለልቅሶም ለድግስም ያገለግላል፣ ኮሪደር ላይ ቡና ይፈላል። ተከራዩ በየስድስት ወሩ የሚለዋወጥበት ብሎክ ግን ከሆቴል አይለይም።

ሦስተኛው ዘበኛና አሳንሰር ያለው አፓርታማ ነው። ገንዘቡ ካላችሁ ምቾት አለው። ጥያቄ የለም፤ ጎረቤትም ብዙውን ጊዜ የለም። እዚያ ከገባችሁ ከሰፈር ውጭ ያለ ወዳጅ፣ ሌሊት ሲደወልለት የሚነሳ ሰው ሊኖራችሁ ግድ ነው።

ከመፈረማችሁ በፊት

1. ያለ ደላላ ተመልሳችሁ ሂዱ። አንድ ጊዜ ቅዳሜ ጠዋት፣ አንድ ጊዜ ደግሞ ማታ ከ1 እስከ 2 ሰዓት። ሰዎች ደረጃ ላይ ቆመው ያወራሉ ወይስ ቁልፋቸውን ይዘው ይሮጣሉ? እሱን ዓይናችሁ ይነግራችኋል።

2. ባለሱቁ ዘንድ ለስላሳ ጠጡ። ማን ለማን እንደሚደርስ፣ ማን የማንን ወሬ እንደሚያመላልስ ከባለሱቅ በላይ የሚያውቅ የለም። ዱቤ የሚሰጥ ከሆነ ሰፈሩ ይተዋወቃል ማለት ነው።

3. ሁለት ብቻ ሆነው የሚኖሩ ሌሎች አሉ ወይ? ልጆቻቸው ውጭ የወጡባቸው ሽማግሌና አሮጊት፣ ብቻቸውን የሚኖሩ ወንደላጤዎች፣ እንደ እናንተ ያሉ ባለትዳሮች ካሉ ብቻችሁን “የሰፈሩ እንቆቅልሽ” አትሆኑም።

4. ዕድሩ ተከራይ ይቀበላል ወይ ብላችሁ ጠይቁ። “ልጅ ሳይኖረን ዕድር ምን ያደርግልናል?” የሚል ሰው ገጥሞኛል። ወንድሜ፣ ዕድር ለልጅ ብቻ አይደለም! በብዙ ዕድር የሁለታችሁም ወላጆች ይመዘገባሉ። ደግሞ ልጅ የሌለው ሰው ነው ከማንም በላይ ዕድር የሚያስፈልገው።

5. ከአማት ቤት ያለውን ርቀት ለኩ። በእግር የሚደረስ ከሆነ ጥያቄው በየቀኑ ይመጣል። በጣም ከራቀ ደግሞ ሲያማችሁ የሚደርስ ዘመድ የለም። አንድ ታክሲ መካከለኛ ነው ይላሉ የቀመሱት!

6. ውሉን በጽሑፍ አድርጉ፣ አስመዝግቡም። በ2016 ዓ.ም. የወጣው የመኖሪያ ቤት ኪራይ አዋጅ ቁጥር 1320 ውሉ ከሁለት ዓመት እንዳያንስ፣ ቅድሚያ ክፍያውም ከሁለት ወር ኪራይ እንዳይበልጥ ይደነግጋል። ሁለት ዓመት ማለት ደግሞ ሁለት ቡሄ፣ ሁለት እንቁጣጣሽ ነው። ሰውን ለማወቅ ይበቃል።

ከገባችሁ በኋላስ?

ባልና ሚስት አስቀድማችሁ አንድ መልስ ተስማሙ። እሷ “እግዜር ያውቃል” ስትል እሱ “እሷ ናት እንቢ ያለችው” ካለ ጎረቤት ሳይሆን ራሳችሁ ናችሁ ቤታችሁን ያፈረሳችሁት። መልሱ አጭር፣ በፈገግታ፣ ሁልጊዜም ያው ይሁን። ሦስት ጊዜ ያው መልስ የሰማ ሰው አራተኛ አይደክምም። ይደክማል የምትሉም ካላችሁ፣ እሱ መልስ ሳይሆን ወሬ ነው የሚፈልገው፤ አትቀየሙት፣ ግን አትንገሩት።

ቡናውን ራሳችሁ ጥሩ። የሚላክ ልጅ የለምና በገዛ እግራችሁ ሄዳችሁ “ቡና ጠጡ” በሉ። ቡሄ ሲደርስ ሙልሙል አዘጋጁ፣ ለእንቁጣጣሽ ዝርዝር ብር አስቀምጡ። ሆያ ሆዬ የሚጨፍሩትና አበባየሆሽ የሚሉት ልጆች በራችሁን ካወቁት፣ እናቶቻቸውም ያውቁታል። ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ብሎክ ደግሞ ለሁለት ሰው የሚተርፍ ጀሪካን አይጠፋችሁም። ለሦስት ልጆች እናት አንድ ጀሪካን ብታበድሩ ዓመቱን ሙሉ አትረሳችሁም።

ያቺ ባለታሪካችን አሁን በሦስተኛ ቤቷ ነው ያለችው። ቆየት ያለ ኮንዶሚኒየም ነው፤ ከእማማ ግቢ አንድ ታክሲ ይርቃል። ዕድር ገብተዋል። በወር አንድ እሑድ እሷ ታፈላለች። ጥያቄው ቀርቷል ወይ? “ኧረ አልቀረም! ግን አሁን የሚጠይቁኝ ሰዎች ስሜን ያውቁታል” አለችኝ።

ለጎረቤትም አንድ ቃል

ልጅ የታደላችሁ አንባብያን ሆይ! በሩ የተዘጋው ቤት ውስጥ ያሉት ሁለት ሰዎች አልፈልግም ያሉ ይሁኑ፣ ወይ ዓመት ሙሉ ሐኪም ቤት ሲመላለሱ የከረሙ፣ ከውጭ ሆናችሁ ልታውቁ አትችሉም። ለአንደኛው ጥያቄያችሁ መሰልቸት ነው፤ ለሁለተኛው ቁስል መንካት። ስለዚህ “ምነው ዝም አላችሁ?” የምትሉበትን አፍ “ቡና አፍልቻለሁ፣ ኑ” በሉበት። መንገር የፈለገ ሰው በሦስተኛው ስኒ ላይ ራሱ ይነግራችኋል።

ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት ይሻላል ይባል የለ? ግን ጎረቤት የሚሆነው ስም ሲያውቅ ነው። ዛሬ ማታ ወደ ቤታችሁ ስትገቡ እስቲ ፊት ለፊታችሁ ያለውን በር አንኳኩና ስማችሁን ንገሩ።