አቦል ከእንጦጦ በላይ

አዲስ አበባ ውስጥ በጨርቅ ላይ የሚንቀሳቀስ ምስል መጀመሪያ ሲታይ ብዙ ሰው የሰይጣን ሥራ ነው ብሎ ፈርዷል። ከመቶ ዓመት በፊት ገደማ በቴዎድሮስ አደባባይ አካባቢ ፊልም ያሳይ የነበረው ቤት «ሰይጣን ቤት» ተብሎ የቀረው በዚሁ ነው። ፍርሃቱ ግን አልዘለቀም። የአራዳ ሰው አዲስ ነገር ለመልመድ ጊዜ አይፈጅበትም፤ ሲኒማ ኢትዮጵያና ሲኒማ አምፒር ሲከተሉ ፒያሳ ፊልም ለማየት የሚወጣባት ሰፈር ሆነች።

የሰይጣን ቤት ተመልካች አንድ ነገር ብቻ ተነፍጎት ነበር። ቢያጨበጭብ፣ ቢሳደብ፣ ተነሥቶ ቢወጣም ጨርቁ ላይ ያለው ሰው አይሰማውም፤ ፊልሙ ለአንድ ሰውም ለአንድ ሺህ ሰውም ያው ነው። ኢንተራክቲቭ ኢንስታሌሽን የሚባለው የጥበብ ሥራ የተወለደው ይህን ለመለወጥ ነው። ሰው ሲገባበት ይነቃል፣ እጅ ሲነሣ ይመልሳል፣ ሁለት ሰዎች ሲቀራረቡ ሌላ ነገር ያሳያል። ሰው ከሌለበት ሥራው አልተጠናቀቀም። አሜሪካዊው ማይረን ክሩገር እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ «ቪዲዮፕሌስ» ብሎ በሠራው ክፍል ውስጥ የተመልካቹ ጥላ ስክሪን ላይ ወጥቶ ኮምፒውተር ከሣላቸው ቅርጾች ጋር ይጫወት ነበር። በዚያ ዘመን እንዲህ ያለ ሥራ የሚያስበው የዩኒቨርሲቲ ኮምፒውተር ያለው ሰው ብቻ ነው።

ነገሩን ወደ ድሃ ሠዓሊ እጅ ያወረደው አንድ የጨዋታ ዕቃ ነው። ማይክሮሶፍት እ.ኤ.አ. በኖቬምበር 2010 «ኪኔክት» የተባለ ካሜራ በ150 ዶላር ለገበያ አቀረበ። ካሜራው በዓይን የማይታዩ በሺህ የሚቆጠሩ የኢንፍራሬድ ነጥቦችን ፊት ለፊቱ ይረጫል። ነጥቦቹ ቅርብ ያለ አካል ላይ ሲያርፉ አንድ ቦታ፣ ሩቅ ያለ ግድግዳ ላይ ሲያርፉ ትንሽ ዘወር ብለው ይታያሉ፤ ኮምፒውተሩ ከዚያች ትንሽ መዛነፍ ርቀቱን ያሰላል፤ ይህንንም በሴኮንድ 30 ጊዜ ይደጋግማል። ቀለምና ብርሃን ብቻ ሳይሆን ምን ያህል እንደቀረባችሁ የሚያውቅ ዓይን ማለት ነው። ዕቃው በወጣ በሳምንት ውስጥ ከማንኛውም ኮምፒውተር ጋር እንዲሠራ የሚያደርግ ነፃ ፕሮግራም ተለቀቀ፤ ሠዓሊዎችም የልጆች መጫወቻ የነበረውን ዕቃ ወስደው አልመለሱም።

በዚህ ካሜራ ከተሠሩት ሁሉ እኔ ቀዳሚ የማደርገው በካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ዴቪስ ቅርንጫፍ ኦሊቨር ክሬይሎስ ያዘጋጀውን የአሸዋ ሣጥን ነው። አሸዋ የሞላበት ሣጥን አለ፤ ከላይ ካሜራና ፕሮጀክተር ተሰቅለዋል። አንድ ልጅ አሸዋውን ሲከምር ክምሩ ላይ ወዲያው የተራራ ቀለምና የከፍታ መስመሮች ይበሩበታል፤ ሲቆፍር ሸለቆ ይሆናል። ጣቶቹን ዘርግቶ እጁን ከአሸዋው በላይ ሲይዝ ደግሞ ዝናብ ይዘንባል፤ ውኃው በሠራው ሸለቆ ውስጥ እየተንቆረቆረ ይወርዳል። የዓባይን በረሃ በመጽሐፍ አሥር ጊዜ ያነበበ ተማሪ ጣና እንዴት እንደሚሞላ፣ ወንዙ ለምን ዞሮ እንደሚሄድ በአሥር ደቂቃ በእጁ ያገኘዋል። የሣጥኑ አሠራርና ፕሮግራሙ በነፃ የተለቀቀ ስለሆነ አሸዋና አናጺ ያለበት ሀገር ሁሉ ሊሠራው ይችላል።

እዚህ ላይ አንድ ቅሬታዬን ልናገር። ኢንተራክቲቭ እየተባለ በየሙዚየሙ የሚቆመው አብዛኛው ነገር የሚነካ ስክሪን ነው። ስክሪን ነክቶ ጽሑፍ ማውጣት የመጽሐፍ ገጽ ከመግለጥ አይለይም፤ እንዲያውም መጽሐፉ መብራት ሲጠፋ አይዘጋም። መመዘኛዬ ቀላል ነው፦ ሰውየው ያደረገው ነገር ቀጥሎ የሚመጣው ሰው የሚያየውን ለውጧል ወይ?

ለዚህ ዓይነት ሥራ አዲስ አበባ የቦታ ችግር የለባትም። ከፒያሳ ብዙ የማይርቀው የሳይንስ ሙዚየም መስከረም 24 ቀን 2015 ዓ.ም. ተከፍቷል። ፒያሳ ላይ በማዘጋጃ ቤቱና በምኒልክ አደባባይ መካከል የዓድዋ ድል መታሰቢያ በ2016 ዓ.ም. ተመርቋል። ከመቶ ዓመት በላይ ያስቆጠረው አሊያንስ ኢትዮ ፍራንሴዝም እዚያው ሰፈር ነው። በ2016 ዓ.ም. የከተማዋ የኮሪደር ልማት የአሮጌዋን ፒያሳ ብዙ ቤት ቢያፈርስም፣ ሰው ቆሞ የሚያይበትን አደባባይ አስፍቷል። ለሁሉም የሚሆን የሰማይ ርዕስም በእጃችን አለ፤ ብዙዎቻችን ግን አናውቀውም።

ዓለም አቀፉ የሥነ ፈለክ ኅብረት እ.ኤ.አ. በ2019 መቶኛ ዓመቱን ሲያከብር ለእያንዳንዱ ሀገር አንድ ኮከብና በዙሪያው የምትዞር አንዲት ፕላኔት ሰጥቶ «ስም አውጡላቸው» አለ። ከ110 በላይ ሀገራት ተሳተፉ፤ ስም በማቅረብና ድምፅ በመስጠት የተካፈለው ሰው ከ780,000 በላይ ነው። ለኢትዮጵያ የደረሳት እስከዚያ ቀን በመዝገብ ቁጥር ብቻ የሚታወቅ፣ ኤችዲ 16175 የተባለ ኮከብ ነበር። ታኅሣሥ 7 ቀን 2012 ዓ.ም. ስሞቹ ይፋ ሲሆኑ ኮከቡ «ቡና»፣ ፕላኔቷ «አቦል» ተባሉ። ወደፊት ሌላ ፕላኔት ቢገኝ ቶናና በረካ ተራ ይዘው ይጠብቃሉ። ከሦስት ቀን በኋላ፣ ታኅሣሥ 10፣ የሀገሪቱ የመጀመሪያ ሳተላይት ኢቲአርኤስኤስ-1 ከቻይና ተወነጨፈች፤ የሳተላይቷ ዜና የኮከቡን ዜና ዋጠው። ሳተላይቷ ይገባታል፤ ቡና ግን እንዲህ መረሳቱ ያሳዝናል። በቶሞካ ቡና መሸጫ ቆሞ ስኒውን ከሚጨርሰው ሰው ስንቱ በስሙ ኮከብ እንዳለ ያውቃል?

ቡና ከፀሐይ ትንሽ የሚበልጥና የሚሞቅ ኮከብ ነው፤ ከእኛ ወደ 200 የብርሃን ዓመት ይርቃል። ዛሬ የሚደርሰን ብርሃኑ መንገድ የጀመረው በዘመነ መሳፍንት፣ የቋራው ካሣ ገና ሳይነግሥ፣ አዲስ አበባም ሳትቆረቆር ነው። አቦልን በቴሌስኮፕ ያያት የለም። እ.ኤ.አ. በ2009 የተገኘችው ኮከቡን ወዲያና ወዲህ ስትጎትተው ብርሃኑ ላይ የሚታየውን ስስ ለውጥ በመለካት ነው። ክብደቷ ከጁፒተር አራት እጥፍ ይበልጣል፤ አንድ ዓመቷ የእኛን ወደ 1,000 ቀን ይፈጃል። ከሁሉ የሚገርመው መንገዷ ነው፤ እንደ እንቁላል የተለጠጠ ስለሆነ ከኮከቡ በጣም ስትርቅ ርቀቷ በጣም ከምትቀርብበት አራት እጥፍ ገደማ ይሆናል። ዮሐንስ ኬፕለር እ.ኤ.አ. በ1609 ባሳተመው ሕግ መሠረት ፕላኔት ሲቀርብ ይፈጥናል፣ ሲርቅ ያዘግማል፤ ለአቦልም የፍጥነቷ ልዩነት እንደ ርቀቷ አራት እጥፍ ገደማ ነው።

ይህን በቁጥር የተነገረው ተማሪ ለፈተና ያጠናውና ይረሳዋል። አሁን ደግሞ ጨለማ አዳራሽ አስቡ፤ ወለሉ ላይ ከላይ በተሰቀለ ፕሮጀክተር አንድ ብርሃናማ ነጥብና የተለጠጠ መስመር ተስለዋል። ካሜራው መስመሩን የረገጠውን ልጅ ያያል፤ ልጁ አቦል ነው። በሩቁ ጫፍ ሲሮጥ ብርሃኑ ይደበዝዝበታል፤ በትክክለኛው ፍጥነት ሲያዘግም ይደምቃል። ወደ ቡና ሲጠጋ ግን ማዘግየት አይቻልም፤ አራት እጥፍ መፍጠን አለበት፤ ካልሆነ ከመስመሩ ይወጣል። ሌላ ልጅ መሀል ቆሞ ኮከቡን ይሆናል፤ አቦል በዞረች ቁጥር እሱም በተቃራኒው በትንሹ መወዛወዝ ይገባዋል፣ ሳይንቲስቶቹ ያዩት ያንን ነውና። ሦስት ዙር ሲሞላ ግድግዳው ላይ የሁለቱ ልጆች መንገድ ተጽፎ ይቀራል፤ የሚቀጥሉት ጥንድ ልጆች የሚጀምሩት ከእነሱ ስሕተት ነው። የሚያስፈልገው አንድ ፕሮጀክተር፣ አንድ ካሜራ፣ አንድ መካከለኛ ኮምፒውተርና ኬፕለርን የሚያውቅ አንድ የፊዚክስ መምህር ነው። የሰማይ ሥዕሉን «ስቴላሪየም» የተባለው ነፃ ፕሮግራም ይሰጣል። አማካሪም ሩቅ አይኬድም፤ እ.ኤ.አ. በ2004 የተመሠረተው የኢትዮጵያ ስፔስ ሳይንስ ሶሳይቲ ያቋቋመው፣ ባለ አንድ ሜትር መስታወት ሁለት ቴሌስኮፖች የተተከሉበት የእንጦጦ ምልከታ ማዕከል ከፒያሳ ሽቅብ ነው።

ይህ ወለል የተለያየ ከተማ ልጆችንም ሊያገናኝ ይችላል። የወጣቶች ልውውጥ የሚባለው ነገር ብዙ ጊዜ ቪዛ ያገኙ ጥቂት ልጆች ሄደው የሚመለሱበት ጉዞ ነው። በዚህ ሙያ ግን ሌላ መንገድ ከተቀደደ ቆይቷል። እ.ኤ.አ. በኖቬምበር 1980 ኪት ጋሎዌይና ሼሪ ራቢኖዊትዝ የተባሉ ሁለት ሠዓሊዎች ኒው ዮርክ ውስጥ በአንድ መስኮት፣ ሎስ አንጀለስ ውስጥ በሌላ መስኮት ትልቅ ስክሪን አቁመው በሳተላይት አገናኟቸው። ማስታወቂያ የለም፣ ማብራሪያ የለም። መንገደኛው ቆሞ ሲያይ በሙሉ ቁመቱ የቆመ ሰው ከአሜሪካ ሌላ ዳር ያየዋል፣ ያናግረዋል። የመጀመሪያው ምሽት ግራ መጋባት ነበር፤ በሦስተኛው ምሽት ተለያይተው የኖሩ ዘመዳሞች በቀጠሮ መጡ። ሥራው «በጠፈር ውስጥ ቀዳዳ» ይባላል፤ የቆየውም ሦስት ምሽት ብቻ ነው።

ዛሬ እያንዳንዱ ቤተሰብ ዋሽንግተን ያለችውን እኅቱን በስልክ ስለሚያይ ዘመድ ማገናኘት አያስደንቅም። የሚያስደንቀው የማይተዋወቁ ልጆችን አንድ ሥራ ላይ ማገናኘት ነው። የአቦልን ወለል አንዱን ፒያሳ፣ አንዱን ናይሮቢ ወይም ላሊበላ አድርጉት፤ አንዱ ከተማ ፕላኔቷን፣ ሌላው ኮከቡን ይሁን። መስመሩ ከምድር 36,000 ኪሎ ሜትር ርቆ በተቀመጠ ሳተላይት በኩል ከሆነ ምልክቱ ወጥቶ እስኪወርድ ሩብ ሴኮንድ ያህል ይፈጅበታል። የናይሮቢዋ ልጅ ሁልጊዜ በትንሹ ትዘገያለች፤ የፒያሳው ልጅ «ለምን ትዘገያለች?» ብሎ ሲጠይቅ የብርሃን ፍጥነት ትምህርት በራሱ አፍ ተጀመረ። ቡና ጋ ለመድረስ ያ ሩብ ሴኮንድ ሁለት መቶ ዓመት እንደሚሆን መምህሩ ከዚያ ይቀጥላል።

የአህጉሩን ወጣቶች እንዲህ ማገናኘት ከባዶ የሚጀመር አይደለም። የጎተ ኢንስቲትዩት እ.ኤ.አ. ከ2018 ጀምሮ «ኢንተር አፍሪካ» በሚል ፕሮጀክት ከ15 የአፍሪካ ሀገራት ወጣቶችን አሰባስቦ ስለየከተሞቻቸው የወደፊት ዕጣ በስልክ የሚጫወቱት፣ በየመንገዱ እየዞሩ የሚፈቱት ጨዋታ አሠርቷል፤ አዲስ አበባም ነበረችበት። እዚያ የተማሩት ልጆች ዛሬ ይህን ወለል ለመሥራት ከማንም ይበልጥ የቀረቡ ናቸው፤ ጨዋታን ሕግ አውጥቶ፣ ሰው አስጫውቶ፣ አርሞ ማውጣት ያውቃሉና።

የእነዚህን ሥራዎች ዕድሜ የሚያሳጥረው አብዛኛውን ጊዜ ተራ ነገር ነው። የተለመደው የፕሮጀክተር አምፖል 3,000 ሰዓት ገደማ ይቆያል፤ በቀን ስምንት ሰዓት ከበራ በዓመቱ ያልቃል። የሌዘር ፕሮጀክተር 20,000 ሰዓት ያህል ስለሚያገለግል በዚያው አሠራር ሰባት ዓመት ይጠጋል፤ ዋጋው ግን ውድ ነው። መብራት ሲጠፋ ኮምፒውተሩ በራሱ ተነሥቶ ሥራውን ካልጀመረ፣ «ተበላሽቷል» የሚል ወረቀት ተለጥፎበት ይከርማል። ኪኔክትም ቢሆን እ.ኤ.አ. በ2017 ምርቱ ቆሟል፤ የተበላሸበት ሰው ያገለገለ ይፈልጋል ወይም ሌላ ርቀት የሚለካ ካሜራ ገዝቶ ፕሮግራሙን እንደ አዲስ ያስተካክላል።

ስለዚህ እኔ ቡድን ብመርጥ ከሠዓሊውና ከፊዚክስ መምህሩ ቀጥሎ የምጠራው መርካቶ የሞተ ቦርድ የሚያስነሣውን ጠጋኝ ነው። መርካቶና ጥበብ እንግዳ አይደሉም፤ ሠዓሊው ኤልያስ ስሜ በዓለም ሙዚየሞች የተሰቀሉትን ግዙፍ ሥራዎቹን የሠራው ከዚያው ገበያ በተሰበሰቡ የኮምፒውተር ቦርዶችና የኤሌክትሪክ ሽቦዎች ነው። ጠጋኙን ገና ወለሉ ሲነደፍ ቁጭ አድርጎ የትኛው ካሜራ መለዋወጫ እንዳለው፣ የትኛው ፕሮጀክተር እዚህ እንደሚከፈትና እንደሚጠገን ማስመረጥ ነው።