ሞተሩ ሰነፈ ሲባል፦ የጀልባ ፕሮፔለር ተረትና እውነታ

15 የፈረስ ጉልበት ተብሎ የተገዛ ሞተር ባሕር ዳር ላይ ጀልባ ጀርባ ሲታሰር 15 መሆኑ ይቀራል፤ 12 ከምናምን ይሆናል። ሻጩ አልዋሸም። ቁጥሩ የተለካው በባሕር ጠለል ላይ ነው፤ ጣና ደግሞ ከባሕር ጠለል 1800 ሜትር ገደማ ከፍ ብሎ የተኛ ሐይቅ ነው። ቱርቦ የሌለው ሞተር በየ300 ሜትሩ ከጉልበቱ 3 በመቶ ያህል ያጣል። አየሩ ሲሳሳ ሲሊንደሩ የሚስበው ኦክስጅን ያንሳል፤ ኦክስጅኑ ካነሰ በደንብ የሚቃጠለው ቤንዚንም ያንሳል። ስድስት ጊዜ ሦስት፣ 18 በመቶ።

ወደቡ ላይ የሚወራው ግን ሌላ ነው። «ሞተሩ ፎርጅድ ነው» ይባላል፤ «ቤንዚኑ ውሃ አለበት» ይባላል፤ ትንሽ የሚራቀቀው ደግሞ «የሐይቅ ውሃ ጨው ስለሌለው አይገፋም» ይላል። የባሕር ውሃ ከሐይቅ ውሃ የሚከብደው ከ2 እስከ 3 በመቶ ብቻ ነው፤ ያም ልዩነት ፕሮፔለሩንም የጀልባውን ሆድም አንድ ላይ ስለሚነካ በጉዞ ላይ አይታወቅም። ጣጣው ያለው አየሩ ላይ ነው። አየሩን መቀየር አይቻልም። ፕሮፔለሩን ግን ይቻላል፤ ተረቱ የሚበዛውም እሱ ላይ ነው።

«ከሞተሩ ጋር የመጣው ነው ትክክለኛው»

ፋብሪካው ሞተሩን ካርቶን ውስጥ ሲያሽግ የሚታሰርበትን ጀልባ አያውቀውም። አብሮት የሚልከው ፕሮፔለር፣ ከላከ፣ ቀላል ጀልባ፣ ጥቂት ሰው እና የባሕር ዳርቻ አየር ታስቦ የተመረጠ መካከለኛ ነገር ነው። እምብርቱ ላይ፣ አንዳንዴም ክንፉ ሥር፣ ሁለት ቁጥሮች ተቀርጸው ይገኛሉ፤ ለምሳሌ 9¼ × 12። የመጀመሪያው የክንፎቹ ጫፍ ሲዞር የሚሠራው ክብ ዲያሜትር ነው፣ በኢንች። ሁለተኛው ፒች ይባላል፦ ፕሮፔለሩ ምንም ሳይንሸራተት ቢዞር በአንድ ዙር ወደፊት የሚሄደው ርቀት። ባለ 12 ፒች ማለት በአንድ ዙር 30 ሴንቲ ሜትር ያህል ማለት ነው።

ባለ 12 ፒቹን ሰው በሞላበት ጀልባ ላይ፣ ያውም ከፍታው ጉልበቱን በቀነሰበት ሞተር ማዞር እንጦጦን በአራተኛ ማርሽ ለመውጣት እንደመሞከር ነው። ሞተሩ ያጓራል፣ ጀልባው አፍንጫውን ሰቅሎ ይጎተታል፣ ዙሩ አይወጣም።

ዙሩ የት መድረስ እንዳለበት የሞተሩ መመሪያ መጽሐፍ ላይ ተጽፏል። ለብዙ አነስተኛ ሞተሮች በደቂቃ ከ4500 እስከ 5500፣ ለሌሎች ከ5000 እስከ 6000 ነው። ትክክለኛ ፕሮፔለር የሚባለው ጀልባው የዘወትር ጭነቱን ይዞ፣ ነዳጅ መስጫው እስከ መጨረሻ ተከፍቶ ሞተሩን በዚህ ክልል የላይኛው አጋማሽ ላይ የሚያደርሰው ነው። ከዚህ የተለየ መመዘኛ የለም። የምርቱ ስም፣ ቀለሙ፣ ዋጋው ከዚያ በኋላ ይታያሉ።

ችግሩ በእጀታ የሚነዱ አነስተኛ ሞተሮች አብዛኞቹ የዙር ቆጣሪ የሌላቸው መሆኑ ነው። ሹፌሩ በጆሮው ይገምታል፤ ጆሮ ደግሞ ሞተሩ መጨነቁን እንጂ 4400 መሆኑን አይነግርም። መፍትሔው ርካሽ ነው። ቀጭን ሽቦ ያላት ትንሽ ቆጣሪ ትሸጣለች፤ ሽቦዋ በካንዴላው ገመድ ላይ ጥቂት ጊዜ ይጠመጠማል፣ ቆጣሪዋም እሳቱ በተላከ ቁጥር ትቆጥራለች። ከመጠቀም በፊት ሞተሩ በአንድ ዙር ስንት ጊዜ እሳት እንደሚልክ ሊሞላላት ይገባል፤ በስህተት ከተሞላ እጥፉን ወይም ግማሹን ታሳያለች። 9000 ዙር አየሁ ብሎ የሚደነግጥ ሰው ካጋጠመ መጀመሪያ የሚጠየቀው ይህ ነው።

ከዚያ ፈተናው ነው። አሥር ሰው የሚጭን ጀልባ በአሥር ሰው ይፈተናል፤ ሹፌሩ ብቻውን ወጥቶ «ይበራል!» ብሎ የሚመለስበት ፈተና ምንም አይነግርም። ታንኩ ሞልቶ፣ ማለዳ ነፋስ ሳይነሳ፣ ወደ ደብረ ማርያም አቅጣጫ ደርሶ መመለስ ይበቃል። መመሪያው ከ4500 እስከ 5500 የሚል ሞተር በባለ 12 ፒች 4400 ላይ ቆመ እንበል። ፒች በአንድ ኢንች ሲቀንስ ዙሩ ከ150 እስከ 200 ይጨምራል። ወደ ባለ 9 ቢወርድ ከ450 እስከ 600 ዙር ያገኛል፤ ማለትም 5000 አካባቢ ይደርሳል።

እዚህ ላይ ሻጮች የማይናገሩት ነገር አለ፦ ፕሮፔለር መቀየር የጠፋውን 18 በመቶ አይመልስም። የሚያደርገው ሞተሩ የቀረውን ጉልበት ሁሉ እንዲያወጣ መፍቀድ ነው። ካርቡሬተር ያለው ሞተር ደግሞ በሳሳ አየር ቤንዚን ይበዛበታል፤ ካንዴላው ጥቀርሻ ይለብሳል። ቀዳዳው ጠበብ ያለ ጂግለር ካልገባለት የተሻለው ፕሮፔለርም ግማሽ መድኃኒት ነው።

ያው ሞተር ጋምቤላ ባሮ ወንዝ ላይ ቢወርድ ታሪኩ ይለወጣል። ጋምቤላ ከተማ 500 ሜትር ገደማ ላይ ስለሆነች የሚጠፋው 5 በመቶ ብቻ ነው። ከሕዳሴው ግድብ ጀርባ ያለው ንጋት ሐይቅ ሲሞላ 640 ሜትር ነው፤ ጫሞ ከ1100 ትንሽ ይበልጣል፤ ሐዋሳ 1680 ይጠጋል። «እሱ ጋ የሠራልኝ ነው» ተብሎ ከጓደኛ የተገዛ ፕሮፔለር የት ሐይቅ ላይ እንደሠራ መጠየቅ ያለበት ለዚህ ነው።

«ፒቹ ከፍ ሲል ፍጥነቱም ከፍ ይላል»

ይህን ተረት የወለደው ትክክለኛ ስሌት ነው። ሞተሩ 4400 ሲዞር ፕሮፔለሩ 4400 አይዞርም፤ ታች ያለው ማርሽ ይቀንሰዋል። ቅነሳው 2.08 በሆነ ሞተር ላይ ባለ 12 ፒቹ በወረቀት በሰዓት 39 ኪሎ ሜትር ገደማ ይሄዳል። ባለ 9 ፒቹ በ5000 ዙር 33 ብቻ ነው። በወረቀት ያሸነፈው ባለ 12 ነው።

ወረቀቱ ላይ የሌለው መንሸራተት ነው። ውሃ ይሸሻል፤ ክንፉ ከገፋው ውስጥ የተወሰነው ጀልባውን ሳይገፋ ወደ ኋላ ይጠፋል። ቀላል ሆኖ ውሃው ላይ ተነሥቶ በሚከንፍ ጀልባ ይህ ብክነት ከ10 እስከ 20 በመቶ ነው፤ ጭነት ከብዶት ውሃውን እያረሰ በሚሄድ ጀልባ ከዚያ በእጅጉ ይበልጣል። እንዲህ ያለው ጀልባ ራሱ የሠራው ማዕበል ያግደዋል። ውሃ የሚነካው ርዝመቱ 6 ሜትር ከሆነ ውሃው ላይ መነሣት እስካልቻለ ድረስ በሰዓት ከ11 ኪሎ ሜትር እምብዛም አያልፍም፤ ፒቹ 9ም ይሁን 12። ዘጌ ዑራ ኪዳነ ምሕረት ድረስ ቱሪስት የሚያመላልስ፣ ጣሪያና ወንበር ያለው ከባድ ጀልባ የሚያስፈልገው ዲያሜትሩ ሰፋ፣ ፒቹ ዝቅ ያለ ፕሮፔለር ነው። ለእንዲህ ያለ ሥራ የማርሽ ቅነሳቸው ከፍ ተደርጎ የሚሠሩ ሞተሮችም አሉ።

የዚህ ተረት ታናሽ ወንድም ከእሱ የከፋ ነው፦ «ዙሩ ዝቅ ካለ ሞተሩ ያርፋል፣ ነዳጅም ይቆጥባል።» ነዳጅ መስጫው በግማሽ ሲሆን ዙሩ ዝቅ ቢል ልክ ነው። እስከ መጨረሻ ተከፍቶ ዙሩ አልወጣ ሲል ግን ሲሊንደሩ ውስጥ ያለው ጫናና ሙቀት ይበረታል፣ ሞተሩ ማንኳኳት ይጀምራል፣ ካርቦን ይጋገራል፣ ውሎ አድሮ ፒስተኑ ይጎዳል። ባለቤቱም ጀልባው አልሄድ ስላለው ቀኑን ሙሉ ሙሉ ነዳጅ እንደሰጠ ይውላል፤ ቁጠባው የት እንዳለ እንጃ። በተቃራኒው ፒቹ ከሚገባው በላይ ዝቅ ካለ ሞተሩ ከተፈቀደለት ዙር ያልፋል፤ የዙር መቆጣጠሪያ የሌለው አነስተኛ ሞተር ከሆነ ራሱን በራሱ ይጨርሳል።

«ክንፉ ሲበዛ ይሻላል»

በ1837 እ.ኤ.አ. እንግሊዛዊው ፍራንሲስ ፔቲት ስሚዝ ከእንጨት የሠራውን ጠመዝማዛ ፕሮፔለር ለንደን ፓዲንግተን ቦይ ላይ ሲሞክር አንድ ነገር መትቶ ግማሹ ተሰበረ። ጀልባው ግን በቀረው ግማሽ ይበልጥ ፈጠነ። ስሚዝ ከዚያ ወዲያ አጭሩን ይዞ ቀጠለ።

ዛሬም የክንፍ ብዛት ነገር ያው ነው። እያንዳንዱ ክንፍ ውሃ ይገፋል፣ ከውሃ ጋር ይፋተጋልም። ሦስት ክንፍ የተለመደው አማካይ ነው። አራት ክንፍ ውሃውን አጥብቆ ይይዛል፣ ንዝረቱ ይቀንሳል፣ ሲታጠፍም አይፈታም፤ ዋጋው ግን ከጫፍ ፍጥነት ጥቂት መቀነሱ ነው። ከሦስት ወደ አራት የሚሄድ ሰው ብዙውን ጊዜ ፒቹን በአንድ ኢንች ዝቅ ማድረግ ይኖርበታል።

«የማይዝገው ብረት ከአልሙኒየም ሁሌም ይበልጣል»

ለትልልቅ ሞተሮች አዎ፤ ክንፉ ቀጭን ሆኖ ስለማይታጠፍ ልዩነቱ ይታያል። በ15 ፈረስ ላይ ግን የዋጋውን ያህል ጥቅም አይገኝበትም። ድንጋያማ ዳርቻ ላይ ለሚሠራ ደግሞ አልሙኒየሙ ተሰብሮ ማርሹን ቢያድነው ይመረጣል።

«ፒኑ ሲሰበር ሚስማር ይበቃል»

አነስተኛ ሞተሮች ላይ ፕሮፔለሩን ከዘንጉ ጋር የምታያይዘው ከለስላሳ ብረት የተሠራች ፒን ናት። ክንፉ ድንጋይ ወይም ግንድ ሲመታ እንድትቆረጥ ታስባ ነው የተሠራችው። ስትቆረጥ ብዙዎች ተናደው በቦታዋ ሚስማር ወይም ጠንካራ ብሎን ይቀረቅራሉ፤ «አሁን አይሰበርም» ይላሉ። አይሰበርም። በሚቀጥለው ምት የሚሰበረው ማርሹ ነው፤ የማርሹ ዋጋ ከፒኗ ጋር የሚወራ አይደለም።

ከፍ ባሉት ሞተሮች የፒኗን ሥራ የሚሠራው እምብርቱ ውስጥ የተጠቀጠቀ ጎማ ነው፤ እሱ ሲደክም የሚመጣው ምልክት ብዙ ሰው ያሳስታል። ዝግ ብሎ ሲሄድ ጀልባው ደህና ነው፤ ነዳጅ ሲሰጠው ሞተሩ ይጮኻል፣ ጀልባው ባለበት ይቀራል። ያኔ «ፒቹ አነሰ» ተብሎ ሌላ ፕሮፔለር ይገዛል፣ ወይም ሞተሩ ይበተናል። ከዚያ በፊት ከውስጠኛው እምብርት እስከ ውጨኛው ድረስ በቀለም አንድ ቀጥተኛ መስመር ማስመር ያዋጣል። ጥቂት በኃይል ተነድቶ ሲመለስ መስመሩ ውስጥና ውጭ ከተለያየ ጎማው ተንሸራቷል። ጥፋቱ ያለው እዚያው ነው።

«አየር ስለሚስብ ፕሮፔለሩ ይቀየር»

ብዙ ጊዜ መቀየር ያለበት የሞተሩ አሰቃቀል ነው። ከፕሮፔለሩ በላይ ያለው ጠፍጣፋ ብረት ከጀልባው ታችኛው ወለል ጋር እኩል ወይም ከሱ ሁለት ሦስት ሴንቲ ሜትር ዝቅ ማለት አለበት። ከዚያ ከፍ ካለ ክንፉ ከላይ አየር ይጎትታል፤ የትኛውም ፒች አያድነውም። ጠርዙ የተቆራረጠ ክንፍም ተመሳሳይ ችግር ያመጣል፤ በዚያ ላይ ንዝረቱ ኩሽኔታውን ይበላል። ትንሽ ጥርስ በሞረድ ይስተካከላል፤ የታጠፈ ክንፍ ግን በመዶሻ ተቀጥቅጦ ፒቹ አይመለስም።

«ጥሩ ፕሮፔለር እምቦጭ ይቆራርጣል»

እምቦጭ ከ2011 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የጣና ራስ ምታት ነው። ወደ ኋላ የተቀለበሱ ክንፎች ያሉት ፕሮፔለር ሥሩ እንዳይጠመጠም ይረዳል፤ መቁረጥ ግን ሌላ ነገር ነው። ደግሞም ከፕሮፔለሩ በፊት የሚታፈነው የማቀዝቀዣ ውሃ መሳቢያው ነው። ከሞተሩ ጎን የሚወጣው ቀጭን ውሃ ከሳሳ ወዲያው አጥፍቶ መሳቢያውን ማጽዳት ነው።

ከእምቦጩ የባሰው የዓሣ መረብ ክር ነው። ከፕሮፔለሩ ጀርባ ዘንጉ ላይ ይጠመጠማል፣ አይታይም፣ ዘይት የሚከላከለውን ጎማ ቀስ እያለ ይቆርጣል። የማርሹ ዘይት ሲቀየር ነጥቶ ከወጣ ውሃ ገብቶበታል። ስለዚህ ዳዶው በየጊዜው ተፈትቶ ፕሮፔለሩ ይውጣ፣ ክር ካለ ይነሣ፣ ዘንጉ ግራሶ ይቀባ። ሳይፈታ ለዓመታት የቆየ ፕሮፔለር ዘንጉ ላይ ተጣብቆ በእሳትም እንቢ ይላል።

ለግዢ የሚሄድ ሰው አሮጌውን ፕሮፔለር ይዞ ይሂድ፤ የዘንጉ ጥርስ ቁጥር ካልገጠመ ፒቹ ትክክል መሆኑ ምንም አይፈይድም። ከሻጩ ጋርም አስቀድሞ ይስማማ፦ ጭነት ጭኜ ፈትኜው ዙሩ ካልደረሰ፣ ክንፉ ሳይጫር መልሼ በሌላ ፒች እቀይራለሁ። በዚህ የማይስማማ ሻጭ ጋ ባለ 9ና ባለ 10 ፒቹን አንድ ላይ መግዛት ይሻላል፤ አንደኛው ጀልባው ውስጥ ከፒን፣ ከዳዶና ከመፍቻ ጋር መጠባበቂያ ይሆናል።