የጎበጠ ጀርባን «ዕድሜ ነው» ብሎ መተው አይገባም

ከሱሉልታ በእንጦጦ፣ ከቡራዩ በአስኮ፣ ከሰበታ በዓለም ገና በኩል ወደ አዲስ አበባ ከሚመላለሰው ሕዝብ መካከል ጀርባዋ የጎበጠ ወይም አንድ ትከሻዋ ከሌላው ዝቅ ያለ ሴት ማየት እንግዳ ነገር አይደለም። እንጨት የተሸከመች፣ ልጅ ያዘለች፣ በፋብሪካ ቀኑን ሙሉ ቆማ የምትውል እናት የጀርባዋን ሕመም «የሸክም ነው»፣ «የዕድሜ ነው» ስትል ታልፈዋለች። ሆኖም ከዚህ ሕመም በስተጀርባ ስም ያለው፣ ሕክምናም ያለው በሽታ ሊኖር ይችላል።

የጀርባ አጥንት አንድ ወጥ ምሰሶ አይደለም። በአንገት 7፣ በደረት 12፣ በወገብ ደግሞ 5፣ በድምሩ 24 የሚንቀሳቀሱ አንጓዎች ተደራርበው ይሠሩታል። በአንጓዎቹ መካከል እንደ ትራስ የሚያገለግል ዲስክ አለ። በውስጣቸው ባለው ቦይ ደግሞ ከአንጎል የሚወርደው ኅብለ ሰረሰር ያልፋል። ጀርባ ከኋላ ሲታይ ቀጥ ማለት አለበት። በራጅ ሲለካ 10 ዲግሪና ከዚያ በላይ ወደ ጎን ከታጠፈ ሐኪሞች መጣመም ይሉታል። ወደ ፊት ከመጠን በላይ ሲታጠፍ ደግሞ ጉብጠት ይሆናል።

ምክንያቱ ምንድን ነው?

በአዋቂዎች ላይ የሚታየው መጣመም ከየት እንደ መጣ ማወቅ ለሕክምናው ወሳኝ ነው። አንዳንዱ በልጅነት የጀመረና ሳይታወቅ የቆየ ነው። ከ50 ዲግሪ ያለፈ መጣመም እድገት ካቆመ በኋላም በየዓመቱ በጥቂቱ ሊጨምር ይችላል። ሌላው በዕድሜ ምክንያት ዲስኩና መገጣጠሚያው ሲያልቅ የሚመጣ ነው። የወር አበባቸው የተቋረጠ እናቶች አጥንታቸው ሲሳሳ አንጓው በቀላል ጫና ተጨፍልቆ ቁመታቸው ሊያጥር፣ ጀርባቸውም ሊጎብጥ ይችላል። ሸክም ብቻውን የጤነኛን አዋቂ ጀርባ ወደ ጎን አያጣምምም፤ የታመመውን ግን ያባብሰዋል።

በአገራችን በተለይ ልብ ሊባል የሚገባው የጀርባ አጥንት ነቀርሳ ነው። የሳንባ ነቀርሳን የሚያመጣው ተሕዋስ በደም ተጉዞ አንጓዎችን ሲበላ ጀርባው ተሰብሮ ይጎብጣል። በሽታው በጊዜ ከተደረሰበት በመንግሥት ጤና ተቋማት በነፃ በሚሰጥ መድኃኒት ይታከማል። መድኃኒቱ ለብዙ ወራት፣ እስከ 12 ወር ሊወሰድ ስለሚችል «ተሻለኝ» ብሎ ማቋረጥ አይገባም። ከተዘገየ ግን ተሕዋሱ ቢሞትም ጉብጠቱ ይቀራል፤ ኅብለ ሰረሰሩ ከተጨመቀ ደግሞ እግር እስከ መስነፍ ይደርሳል።

ቀዶ ሕክምና ለማን?

የጀርባ መጣመም ያለበት ሁሉ በቢላዋ አይታከምም። ለብዙዎች ጡንቻን የሚያጠነክር እንቅስቃሴ፣ የፊዚዮቴራፒ እርዳታና የሕመም ማስታገሻ ይበቃል። ቀዶ ሕክምና የሚታሰበው መጣመሙ እየጨመረ ሲሄድ፣ ነርቭ ሲጨመቅ፣ ትንፋሽ ሲያጥር ወይም ሕመሙ በሌላ ዘዴ አልበርድ ሲል ነው። ሐኪሙ የተጨመቀውን ነርቭ ያላቅቃል፤ በአንጓዎቹ ላይ ብሎን አስገብቶ በብረት ዘንግ ያቃናቸዋል፤ አንጓዎቹም እንዲጣበቁ አጥንት ይጨምርባቸዋል። በጣም ለጠነከረ ጉብጠት አጥንቱን ቆርጦ ማቅናት ሊያስፈልግ ይችላል።

ይህ ቀላል ሥራ አይደለም። የደም መፍሰስ፣ የቁስል ማመርቀዝ፣ የነርቭ ጉዳትና ዳግመኛ ቀዶ ሕክምና ሊያጋጥሙ ይችላሉ። የተጣበቀው የጀርባ ክፍል እንደ ቀድሞው አይተጣጠፍም። አጥንቱ እስኪያያዝም ወራት ይወስዳል። ስለዚህ ታካሚዋ ከመፈረሟ በፊት ምን እንደምታገኝና ምን እንደምታጣ ሐኪሟን በግልጽ መጠየቅ አለባት። ከቤተሰቧም ጋር ልጁን ማን እንደሚያዝል፣ ውኃውን ማን እንደሚቀዳ አስቀድማ መነጋገር ይኖርባታል።

በአገራችን የነርቭ ቀዶ ሐኪሞች ሥልጠና በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የተጀመረው ከኖርዌይ በርገን ዩኒቨርሲቲ ጋር በመተባበር እ.ኤ.አ. በ2006 ነው። ከዚያ በፊት ብዙ ታካሚዎች ተስፋቸው ጠባብ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1984 በድርቁ ወቅት ለእርዳታ ወደ ኢትዮጵያ የመጡት አሜሪካዊው ሐኪም ዶክተር ሪክ ሆድስ በአዲስ አበባ ጀርባቸው የጎበጠ ሕሙማንን ለበርካታ ዓመታት ተመልክተዋል። አብዛኞቹ ሕፃናትና ወጣቶች ነበሩ። ብዙዎቹንም በጋና ተወላጁ ቀዶ ሐኪም በዶክተር ኦሄኔባ ቦአቺ አጄይ እንዲታከሙ ወደ ጋና ልከዋል። የዶክተር ቦአቺ አጄይ ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2012 በአክራ ሆስፒታል ከፍቷል። እጅግ የተጣመሙት ከቀዶ ሕክምናው በፊት ለሳምንታት በራስ ቅላቸው ላይ በሚታሰር ክብ ብረት ቀስ በቀስ እየተሳቡ ጀርባቸው እንዲዘረጋ ይደረጋል። እነዚህ ሕሙማን ቀድሞ ታይተው ቢሆን ኖሮ ከመካከላቸው ብዙዎቹ ይህን ያህል ባልደረሱ ነበር።

እናቶች ምን ያድርጉ?

ጀርባን በቤት ማየት ይቻላል። ልጅዎን ልብሱን አስወልቀው ወደ ፊት እንዲያጎነብስ ያድርጉ። አንዱ የጎድን ወገን ከሌላው ከፍ ብሎ ከታየ ለሐኪም ያሳዩት። ለራስዎ ደግሞ ተረከዝዎንና ጀርባዎን ከግድግዳ አስጠግተው ይቁሙ። ጭንቅላትዎ ግድግዳውን አልነካ ካለ፣ የቀሚስዎ ጠርዝ በአንድ ወገን ከወረደ ወይም ቁመትዎ ካጠረ መመርመር ይገባል።

ሌሊት የሚያነቃ የጀርባ ሕመም፣ ትኩሳት፣ ላብና ክሳት ሲደመሩ ነቀርሳን ያጠራጥራሉ። እግር መስነፍ፣ በመቀመጫ አካባቢ መደንዘዝ፣ ሽንትን መቆጣጠር አለመቻል ደግሞ ለነገ የማይባሉ ናቸው፤ በዚያው ቀን ሆስፒታል መድረስ ያስፈልጋል። ለሌላው ግን በሰፈር ጤና ጣቢያ መጀመር ይቻላል። ሐኪሙ መርምሮ፣ ካስፈለገም ራጅ አዝዞ፣ ከአቅሙ በላይ ሲሆን ወደ ሆስፒታል ይልካል።

ወጌሻ ዘንድ ሄዶ ጀርባን ማሸትና መሳብ፣ በተለይ በነቀርሳ የተበላን አንጓ፣ ኅብለ ሰረሰሩን ሊጎዳ ይችላል። የጎበጠችን ሴት መደበቅም ሆነ «የእርግማን ነው» ማለት ሕክምናዋን ከማዘግየት በቀር አይጠቅማትም። ቤተሰቡን የተሸከመ ጀርባ ለአንድ ቀን ምርመራ ጊዜ ሊነፈገው አይገባም።