ከመባው በፊት ደመወዙ

በየአጥቢያው በሰበካ ጉባኤ ከሚያገለግሉት ምእመናን ብዙዎቹ በኑሯቸው አሠሪዎች ናቸው። አንዱ ወፍጮ ቤት አለው፤ ሌላው ዳቦ ቤት ወይም የእንጨት ሥራ፤ ሌላዋ ቡና ታስለቅማለች። ሕንፃ ቤተ ክርስቲያን ሲታነጽ ሲሚንቶውን፣ በዓለ ንግሥ ሲደርስ ምንጣፉንና ጥላውን የሚያበረክቱት እነርሱ ናቸው። ስለ አሥራትና ስለ በኵራት እናስተምራቸዋለን፤ ስለ ሰጡትም እናመሰግናቸዋለን። በሥራ ቦታቸው ስላሉት ሰዎች ግን እምብዛም አንጠይቃቸውም። ክርስቲያን አሠሪ እንዴት ያለ ሰው ነው ተብለን ብንጠየቅ አብዛኞቻችን የምናነሣው ቸርነቱን ነው። በዚህ ጽሑፍ ልናስረዳ የምንወድደው ከቸርነቱ አስቀድሞ ሊጠየቅ የሚገባውን ነው።

ኦሪት የሠራተኛን ዋጋ የደነገገችው በሰዓት ነው። በዘሌዋውያን ምዕራፍ 19 የሠራተኛው ዋጋ በአሠሪው ዘንድ እንዳያድር ተከልክሏል፤ በዘዳግም ምዕራፍ 24 ደግሞ ፀሐይ ሳትገባ እንዲከፈለው ታዟል። ድሀ ስለ ሆነ ተስፋው ሁሉ በዚያች ዋጋ ላይ ነውና። አሠሪው ያዘገየው ሊከለክል አስቦ ነው ወይስ ዘንግቶ የሚል ጥያቄ በዚያ አልተነሣም፤ መዘግየቱ ራሱ በደል ሆኖ ተቈጥሯል። ሐዋርያው ያዕቆብም በመልእክቱ ምዕራፍ 5፣ ከአጫጆች የተያዘው ደመወዝ ራሱ እንደሚጮኽ ያስጠነቅቃል።

ይህ ስለ ምን እንዲህ እንደ ከበደ ለመረዳት ወር ጠብቆ የሚኖርን ሰው ቤት መመልከት ይበቃል። ደመወዙ 10 ቀን ሲዘገይ የቤት ኪራዩ አብሮ አይዘገይለትም፤ እቁቡም አይጠብቀውም። ከሰፈሩ ሱቅ በዱቤ ይወስዳል፤ በዱቤ የተወሰደ ዘይትና ዱቄት ደግሞ ብዙ ጊዜ በእጅ በእጅ ከሚገዛው ይወደዳል። እንግዲህ ገንዘቡን ለንግዱ ማንቀሳቀሻ ያቈየው አሠሪ ከሠራተኛው ብድር ወስዷል ማለት ነው፤ ሳያስፈቅድና ያለ ወለድ። እንዲህ ያለ ብድር የትኛውም ባንክ አይሰጠውም።

መልካም አሠሪን በምሳሌ ለማስተማር ለሚሻ ሰባኪ ከመጽሐፈ ሩት ምዕራፍ 2 የሚሻል አናውቅም። ቦዔዝ ባለጠጋ ነው፤ ይሁን እንጂ ወደ እርሻው ሲመጣ አጫጆቹን በእግዚአብሔር ስም ሰላም ይላል፤ የማያውቃትን ሴት ማንነት ይጠይቃል፤ ከተቀዳው ውኃ እንድትጠጣ ይፈቅድላታል፤ በምሳ ሰዓትም ከአጫጆቹ ማዕድ ያካፍላታል። ዘወትር የምንሰብከው ስለ ቃርሚያው ነው። ጎልማሶቹ እንዳይነኳት ማዘዙን ግን ፈጥነን እናልፈዋለን። ዛሬም በእርሻና በሱቅ፣ በሆቴልና በግንባታ ቦታ የሚሠሩ እኅቶቻችን የሚፈሩት ይህንኑ ነው። አሠሪው አስቀድሞ በግልጽ ካልከለከለ በሥሩ ያለው አለቃ እንደ ተፈቀደ ይቈጥረዋል።

የአገራችን ሕግም ዝቅተኛውን ልክ አስቀምጧል። በ2011 ዓ.ም. በወጣው የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት መደበኛ የሥራ ሰዓት በቀን ከ8፣ በሳምንት ከ48 ሰዓት አይበልጥም። በየሳምንቱ ያልተቋረጠ የ24 ሰዓት ዕረፍት ይገባል፤ ለመጀመሪያው የአገልግሎት ዓመትም 16 የሥራ ቀናት የዓመት ፈቃድ ከነክፍያው ይሰጣል። በሕዝብ በዓል የተሠራ ትርፍ ሰዓት በሁለት ተኩል ተባዝቶ ይከፈላል። ለግል ድርጅት ሠራተኞች የጡረታ መዋጮ ከአሠሪው 11፣ ከሠራተኛው 7 በመቶ ነው። ይህን 7 በመቶ ከደመወዝ ቈርጦ ለጡረታው ሳያስገባ የቀረ አሠሪ የሌላ ሰው ገንዘብ በእጁ ይዟል።

በእኛ ዘንድ በተለይ የሚታይ አንድ ነገር አለ። በቅዱስ ሚካኤል ወይም በእመቤታችን ወርኃዊ በዓል ሥራ የሚዘጉ ምእመናን አሉ፤ መልካም ልማድ ነው። ሆኖም የቀን ሠራተኞቻቸው የዚያን ዕለት ዋጋ አያገኙም። በዓሉን ያከበረው ባለቤቱ፣ ወጪውን የከፈሉት ግን ሠራተኞቹ ሆኑ ማለት ነው፤ ከእነርሱም መካከል የሌላ እምነት ተከታይ ይኖራል። ሊዘጋ የወደደ ዋጋቸውን ይክፈል፤ ይህ ካልተቻለው በሌላ ቀን የሚተኩበትን መንገድ አስቀድሞ ከእነርሱ ጋር ይስማማ።

የቤት ሠራተኞች ነገር ከዚህ ሁሉ ይከብደናል። ከላይ የጠቀስነው አዋጅ ለግል አገልግሎት በቤት የሚሠሩትን አይሸፍንም፤ ስለዚህ የዕረፍታቸውና የደመወዛቸው ነገር በአብዛኛው በአሠሪዎቻቸው ሕሊና ላይ የወደቀ ነው። ከገጠር የመጣች ልጅ፣ ቤተሰቡ በሙሉ እሑድ ማለዳ ለቅዳሴ ሲሄድ ቁርስ ለማድረስ በቤት ትቀራለች። በትውልድ መንደሯ ቅዳሴ ሳታስቀድስ የማትውል ነበረች፤ በክርስቲያን ቤት ተቀጥራ ይህን አጣች። የንስሐ አባት ለጸበል ጸዲቅ ወይም ለጸሎት ወደ ቤት ሲገባ ይህችን ልጅ በስሟ ጠርቶ መቼ እንደ ቈረበች ቢጠይቃት፣ ባለቤቶቹ ሳይገሠጹ ይማራሉ። ደመወዟን በእጇ ትቀበል እንደ ሆነም በዚያው መጠየቅ ይቻላል።

ሠራተኛውን ከሚበድል ሰው የመጣ መባ ምን ይደረግ? መጽሐፈ ዲድስቅልያ ኤጲስ ቆጶሳት ድሆችን ከሚያስጨንቁ ሰዎች እጅ መባ እንዳይቀበሉ ታዛለች። ቅዱስ ዮሐንስ አፈወርቅም የማቴዎስን ወንጌል ሲተረጕም የተራበውን አልፎ መሠዊያን በወርቅ ማስጌጥን ገሥጿል። በሥራ ሲተረጐም ግን ጥንቃቄ ይሻል። ወሬ ሰምቶ በዐውደ ምሕረት ስም ማንሣት ሌላ በደል ይሆናል። መንገዱ የንስሐ አባት ምክር ነው፤ ስጦታ ከመሳሉ አስቀድሞ ያልተከፈለ ደመወዝ እንዳለበት ጠይቆ፣ ካለበት እርሱን እንዲያስቀድም መምከር። ዘኬዎስም በቤቱ ጌታን ሲቀበል የበደላቸውን አራት እጥፍ እንደሚመልስ የተናገረው በገዛ አንደበቱ ነው።

ይህን ሁሉ ለምእመናን ስንናገር በራሳችን ደጅ ያለውን ማለፍ አንችልም። ሰበካ ጉባኤ ራሱ አሠሪ ነው፤ ጥበቃ፣ ጽዳትና ሒሳብ ሠራተኛ ይቀጥራል። ከጎበኘናቸው አጥቢያዎች በአንዱ የሕንፃው ሥራ ሳይቋረጥ ሲቀጥል የሌሊት ጥበቃው የ3 ወር ደመወዝ አልተከፈለውም ነበር። የከፋ ሰው አልነበረም፤ ገንዘብ በገባ ቍጥር ለሕንፃው ይወጣል፣ ጥበቃውም የቤተ ክርስቲያን ልጅ ነውና ይታገሣል ተብሎ ነበር። ጉዳዩ በስብሰባ ሲነሣ ኮሚቴው አዘነ፤ ከዚያም ወዲህ የሠራተኞች ደመወዝ ወሩ ባለቀበት ዕለት ከሌላው ወጪ ሁሉ አስቀድሞ እንዲወጣ በቃለ ጉባኤ ወሰነ። ውዝፉም በ2 ጊዜ ተከፈለ። ጥቂት ወራት ቈይቶ ጥበቃው ለእናቱ ተዝካር ወደ ትውልድ ስፍራው ለመሄድ ፈቃድ ጠየቀ። ጸሓፊው መዝገብ ሲያገላብጥ በ4 ዓመት አገልግሎቱ አንድ ቀን እንኳ ፈቃድ እንዳልወሰደ ተገኘ። ከሰንበት ትምህርት ቤት ወጣቶች ሁለቱ ሌሊቱን ተራ ገብተው ጠበቁለት፤ እርሱም ሄደ።