ለእያንዳንዱ እንደሚያስፈልገው

ሰው ሁሉ በአንድ መንገድ አይማርም። አንዱ ፊደልን በዓይኑ ያነባል፤ ዓይነ ስውሩ ግን በጣቱ ዳስሶ ያነባል። አንዱ የመምህሩን ቃል በጆሮው ይሰማል፤ መስማት የተሳነው ግን የእጅን ምልክት አይቶ ያስተውላል። መንገዳቸው ልዩ ልዩ ነው፤ የሚደርሱበት ዕውቀት ግን አንድ ነው። ስለዚህ መልካም ትምህርት ቤት ለእያንዳንዱ ተማሪ የሚገባውን መንገድ ያዘጋጃል። ይህን ለማስረዳት ስለ አውስትራልያ የካቶሊክ ትምህርት ቤቶች እንናገራለን።

እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ1846 ዓ.ም. የዶሚኒካን ደናግል በአየርላንድ አገር፣ በደብሊን፣ ካብራ በሚባለው ስፍራ፣ መስማት ለተሳናቸው ልጃገረዶች ትምህርት ቤት ከፈቱ። በዚያ ከተማሩት አንዲቱ መስማት የተሳናት ገብርኤል ሆጋን ነበረች። እርስዋም ትምህርትዋን ከተማረች በኋላ ከዚያው ማኅበር ገብታ መነኰሰች። በ1875 ዓ.ም. ባሕር ተሻግራ ወደ አውስትራልያ ሄደች፤ ኒውካስል በምትባለው ከተማም እንደ እርስዋ መስማት የተሳናቸውን ልጆች ታስተምር ጀመር። አስቀድሞ በሚገባት መንገድ ያስተማሯት ሰዎች ባይኖሩ ኖሮ ይህን ሥራ እንዴት ልትሠራ ትችል ነበር? በትምህርቱ የተረዳ ሰው፣ በጊዜው ለሌላው ረዳት ይሆናል።

በዚያ ዘመን እንዲህ ያሉ ልጆች ለብቻቸው ይማሩ ነበር። ዛሬ ግን ብዙዎቹ ከጓደኞቻቸው ጋር በአንድ ክፍል ይቀመጣሉ። በአውስትራልያ በ1992 ዓ.ም. አካል ጉዳተኞች እንዳይበደሉ የሚጠብቅ ሕግ ወጣ፤ በ2005 ዓ.ም. ደግሞ ስለ ትምህርታቸው ደንብ ወጣ። ትምህርት ቤት ከተማሪውና ከወላጆቹ ጋር ተማክሮ፣ ተገቢውን ማስተካከያ እንዲያደርግ ደንቡ ያዛል። የካቶሊክ ትምህርት ቤቶችም በዚህ ደንብ ይመራሉ።

በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ማስተካከያው እንደ ተማሪው ችግር ነው። በተሽከርካሪ ወንበር ለሚሄደው፣ በደረጃው አጠገብ ዘቅዘቅ ያለ መንገድ ይሠራለታል። ዓይኑ ለደከመው መጽሐፉ በትልልቅ ፊደል ይታተምለታል፤ ፈጽሞ ለማያየውም ብሬል በሚባለው በስድስት ነጠብጣብ ጽሕፈት ይዘጋጅለታል። መስማት ለተሳነው የመምህሩን ቃል በእጅ ምልክት የሚተረጕም ሰው ይቆምለታል። ዲስሌክሲያ የሚባለው ችግር ያለበት ተማሪ ደግሞ አእምሮው ብሩህ ሳለ ፊደሉን ከድምፁ ጋር ለማገናኘት እጅግ ይደክማል። ስለዚህ በፈተና ቀን ጥቂት ጊዜ ይጨመርለታል።

ይህን አይተው፣ «ለእርሱ ጊዜ ሲጨመርለት ለእኛ ለምን አይጨመርም? ይህ አድልዎ ነው» ብለው የሚያጕረመርሙ ተማሪዎች አይታጡም። ነገሩን በመነጽር እናስተውለው። ዓይኑ የደከመ ልጅ መነጽር ቢያደርግ፣ «ለእኛም መነጽር ይሰጠን» ብሎ የሚጮኽ ማን ነው? መነጽሩ ጥቍር ሰሌዳውን ያሳየዋል እንጂ በሰሌዳው ላይ ያለውን ሒሳብ አይሠራለትም። የተጨመረው ጊዜም እንዲሁ ነው። ጥያቄው ያው የሁሉ ጥያቄ ነው፤ መልሱን የሚነግረው የለም፤ ድካሙም የራሱ ነው። አድልዎ ማለት ለአንዱ የማይገባውን መስጠት ነው፤ ለእያንዳንዱ የሚያስፈልገውን መስጠት ግን ፍትሕ ነው።

ልጆች ሆይ፣ ጓደኛችሁ በዝግታ ቢያነብ አትሳቁበት። ቃሉን እስኪጨርስ ታገሡት፤ ከአፉም አትንጠቁት። የሚሳቅበት ልጅ ማንበብን ይፈራል፤ የፈራም መጽሐፉን ይዘጋል። የሚታገሡት ልጅ ግን ዛሬ አንድ መስመር ቢያነብ ነገ ገጹን ይጨርሳል።