ከድንኳኑ በፊት፦ ካንሰር፣ እድርና አፎሻ በድሬዳዋ

የድሬዳዋን የካንሰር ሁኔታ ማወቅ የፈለገ ሰው መጀመሪያ የሚያገኘው ሀገራዊውን ግምት ነው፤ እሱም በአብዛኛው ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል በሚካሄደው የአዲስ አበባ የካንሰር ምዝገባ ላይ የቆመ ነው። በግምቱ መሠረት እ.ኤ.አ. በ2020 በኢትዮጵያ 7,445 ሴቶች በማኅፀን በር ካንሰር ተይዘዋል፤ 5,338 ሞተዋል። ከነዚህ መካከል የድሬዳዋ ሶማሌ፣ ኦሮሞ፣ አማራ ወይም ሐረሪ ሴት ድርሻ ስንት እንደሆነ ግምቱ አይናገርም።

በ1999 ዓ.ም. ቆጠራ ከከተማ አስተዳደሩ ነዋሪ 46 በመቶው ኦሮሞ፣ 24 በመቶው ሶማሌ፣ 20 በመቶው አማራ ነበር። ለዚህ ስብጥር ቶሎ የሚቀርበው መፍትሔ የምርመራ ቅስቀሳ ፖስተሩን በየቋንቋው ማተም ነው። መታተሙ አይከፋም፤ ግን መገላ ገበያ ላይ ያለች ነጋዴ ለደንበኛዋ በሦስት ቋንቋ ዋጋ በምትጠራበት ከተማ ቋንቋ ትንሹ እንቅፋት ነው።

ትልቁ ያለው የምርመራ አልጋው ላይ ነው። ባለሙያዋ በአቼቶ አሲድ በራሰ ጥጥ የማኅፀን በሩን ትቀባና አንድ ደቂቃ ያህል ትጠብቃለች። የተለወጠ ሕዋስ ካለ ነጭ ሆኖ ይታያል፤ ብዙ ጊዜም በዚያው ቀን በቅዝቃዜ ወይም በሙቀት ይታከማል። ርካሽ ነው፣ ፈጣን ነው። እንዲህም ሆኖ በ2007 ዓ.ም. በተደረገው ሀገራዊ ጥናት ከ30 እስከ 49 ዓመት ካሉት ሴቶች ተመርምሮ የሚያውቀው 3 በመቶ አይሞላም ነበር። ወንድ ባለሙያ ፊት መገለጥ የማይታሰብባት ሴት አለች። ግርዛትም አለ። የ2008ቱ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት በድሬዳዋ ከ15 እስከ 49 ዓመት ካሉት ሴቶች 75 በመቶው መገረዛቸውን አሳይቷል፤ በሶማሌ ክልል ደግሞ ከተገረዙት ውስጥ 73 በመቶው የተሰፉ ነበሩ። ለተሰፋች ሴት የመመርመሪያው ብረት ራሱ ሥቃይ ነው፣ አንዳንዴም ጭራሽ አይገባም። እንዲህ ላለችው፣ በቀጭን ጥጥ ናሙናዋን ራሷ ወስዳ የምታስረክብበት፣ የካንሰሩን አምጪ ቫይረስ የሚፈልገው የኤችፒቪ ምርመራ የተሻለ ይመስለኛል፤ የዓለም ጤና ድርጅትም ይመክረዋል።

ለልጆቿ ነገሩ ቀሎላቸዋል። የኤችፒቪ ክትባት በ2011 ዓ.ም. ለ14 ዓመት ልጃገረዶች በትምህርት ቤት ተጀመረ፤ በ2017 ከ9 እስከ 14 ዓመት ላሉት በአንድ ጊዜ ክትባት ተሰጠ። ከትምህርት ቤት የቀረችውን ግን ቤቷ ሄዶ የሚፈልጋት ያስፈልጋል።

ያቺን ቤት የሚያውቃት እድሩ፣ ወይም በምሥራቁ እንደ እድር የሚያገለግለው አፎሻ ነው። የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያ ትዛወራለች፣ ትቀየራለች፤ የሴቶች አፎሻ ግን ማን ቤት ማን እንደታመመ ሳይነገረው ያውቃል። በኤችአይቪ ዘመን በየከተማው እድሮች ሕሙማንን ሲደግፉ፣ ወላጅ ያጡ ልጆችን ሲይዙ አይተናል። ዛሬ «የማኅበረሰብ ተሳትፎ» ሲባል ግን አብዛኛውን ጊዜ የእድሩን ሰብሳቢ አዳራሽ ጠርቶ ስላይድ አሳይቶ አበል መክፈል ነው። የምርመራውን ቀን፣ የመርማሪውን ጾታ፣ ነጭ ምልክት የታየባትን ማን እንደሚከታተል የሚወስኑት ሌሎች ናቸው።

የገንዘብ እንቅፋትም አለ። የጨረር ሕክምና ለዓመታት አዲስ አበባ ብቻ ነበር፤ አሁን ሐረር ሕይወት ፋና ሆስፒታልም አለ። በደንገጎ ዳገት በኩል ሐረር ቅርብ ነው፤ ግን ጨረሩ በአብዛኛው ለአምስት ሳምንት፣ በሥራ ቀን ሁሉ የሚሰጥ ነው። የማኅበረሰብ ጤና መድን ለሕክምናው ያግዛል፤ ታክሲውን፣ ማደሪያውን፣ የቀረውን የገበያ ቀን ግን አይከፍልም። ልጃቸውን በካንሰር ያጡ ወላጆች በ1996 ዓ.ም. ያቋቋሙት ማቲዎስ ወንዱ የኢትዮጵያ ካንሰር ሶሳይቲ ከክፍለ ሀገር ለሚመጡ ሕሙማን አዲስ አበባ ማረፊያ ይሰጣል። ድሬ ላይ በየወሩ መዋጮ የሚሰበስቡት እድርና አፎሻ ግን ደንባቸው ድንኳንና ቀብር ላይ ይጀምራል።

ደንቡ የሕሙማንን መንገድም እንዲሸፍን ማሻሻል በአንድ ጠቅላላ ጉባኤ የሚያልቅ ነው። የሚከብደው ምስጢሩ ነው፦ ለመንገድ ገንዘብ የጠየቀች ሴት ሕመሟን ለሰፈሩ ሁሉ ነገረች ማለት ነው፤ ባሏ ይፈታኛል ብላ የምትሰጋዋ ደግሞ ገንዘቡ ይቅርብኝ ትላለች። ስለዚህ እድሩ ክፍያውን ለጤና ጣቢያው በጥቅል አስረክቦ፣ የተቀባዮቹን ስም የምታውቀው ነርሷ ብቻ ብትሆን ይሻላል። ገንዘብ ያዡ ግን የተቀባይ ፊርማ የሌለበትን ወጪ ለኦዲተር እንዴት እንደሚያስረዳ ከወዲሁ መነጋገር ይኖርበታል።